የተቆላ ሥር ፍለጋ፦ ስድስት ቀን በኮሪያ

ቀን 1፣ ሴኡል

ነገሩ የጀመረው ከጨጓራዬ ነው። ሐኪሙ «ቡናውን ቀንስ፣ የማታውን ደግሞ ጭራሽ ተወው» ካለኝ ወዲህ ከእራት በኋላ እጄ የሚይዘው አጣ። ሙቅ ውኃ ሞከርኩ፣ የታመምኩ መሰለኝ። ዝንጅብል ሞከርኩ፣ አቃጠለኝ። እንዲህ ስንገላታ ሴኡል የምትማረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጣችና ደረቅ ቅርፊት የመሰለ ነገር በላስቲክ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን አፍልተህ ጠጣ። ካፌይን የሚባል የለበትም።»

አፈላሁት። ቤቱ ገብስ የተቆላበት መሰለ። ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ነው። ጣዕሙ ቆሎ ቆሎ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ጣፈጥ ያደርጋል፣ ከሥሩ ደግሞ አፈር አፈር የሚል ነገር አለው። ወደድኩት። ኮሪያዎች ኡኦንግ ቻ ይሉታል። ኡኦንግ እንግሊዞች በርዶክ የሚሉት ተክል ሥር ነው፤ ቻ ያው ሻይ ነው። ላስቲኩ ሲያልቅ ለሻይ ብዬ አውሮፕላን ተሳፈርኩ ብል ውሸት ይሆናል። የዓመት ፈቃድ ነበረኝ፣ ልጅቱም «ናና እየኝ» ካለች ቆይታለች። ሻዩ ሰበብ ሆነ።

የደረስኩት በኅዳር መግቢያ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ምሳ ቤት ገባን። አሳላፊዋ ቡናማ ውኃ በጆግ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ውኃ የላቸውም እንዴ?» አልኩ።

«እሱ ነው ውኃው» አለች የአክስቴ ልጅ እየሳቀች።

ቦሪቻ ነበር፣ የተቆላ ገብስ የተቀቀለበት ውኃ። ብዙ ምሳ ቤት ሳይጠየቅ የሚያቀርበው ነው። ገንዘብም አይጠየቅበትም። እሷ እንዳስረዳችኝ ነገሩ ከድሮ የመጣ ነው። ሩዝ በብረት ድስት ሲበስል ከታች አርሮ የሚጣበቅ አለ። ሩዙ ከወጣ በኋላ እላዩ ላይ ውኃ ይጨመርና ይፈላል። ያንን ሱንግኒዩንግ ይሉታል፤ ከምግብ በኋላ አፍ ማጠቢያም ሆድ ማሞቂያም ነበር። ስለዚህ የተቆላ ነገር ሽታ ያለው ውኃ ለነሱ መድኃኒትም ቅንጦትም አይደለም። ውኃ ነው። ይህን ባልሰማ ኖሮ የሚቀጥሉትን ቀናት በሌላ ዓይን ነበር የማያቸው።

ቀን 2፣ ጄጊዶንግ

ከምድር ባቡሩ መስመር 1 ጄጊዶንግ ላይ ወረድን። ደረጃውን ሳንጨርስ ሽታው ተቀበለን። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ እርጥብ እንጨት፣ እና ስሙን የማላውቀው መራራ ነገር ተደባልቆ ነው። እዚህ ያለው ያንግኒዮንግሺ የሚባለው የባህል መድኃኒት ገበያ ነው። በጆሰን ነገሥታት ዘመን በዚህ አካባቢ ቦጄዎን የሚባል ቤት ነበር። ድሃ የሚታከምበት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት። የጥንቱ ቤት ዛሬ የለም። አካባቢው ግን ከመድኃኒት አልራቀም።

ሱቆቹ ግድግዳ የላቸውም ማለት ይቻላል። ጆንያው እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። የጂንሰንግ ሥር እግርና እጅ ያለው ሰው መስሎ ተደርድሯል። የአጋዘን ቀንድ በስሱ ተቆርጦ ተቀምጧል። ቴምር የመሰለ ቀይ ፍሬ በቁና ይሰፈራል። እኛ የምንፈልገው ሥር ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ኡኦንግ ነው፤ አግድም የተከተፈ፣ ስስ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ሁለተኛው ዱንጉሌ ይባላል። እሱ እንዲያውም ሥር አይደለም፣ መሬት ውስጥ አግድም የሚሄድ ግንድ ነው። ሲቆላ የሚሸተው ልክ ያ ያረረ ሩዝ ነው። በምላስ የሚለዩት ቀላል ነው። ዱንጉሌ ለስላሳና ጣፋጭ ነው፣ ኡኦንግ አፈሩን አይተውም።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሱቅ ፊት ቆምን። እዚህ አገር ሻጭ ሴትዮን «ኢሞ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፣ አክስቴ ማለት ነው። ኢሞ ጣታቸውን እያጠፉ የኡኦንግን ጥቅም ዘረዘሩልን። ለስብ፣ ለደም፣ ለቆዳ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለስኳር። አንዱ እጃቸው አልቆ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የአክስቴ ልጅ መተርጎሟን አቆመች። «ጋሼ፣ በአጭሩ ሁሉንም ያድናል» አለች። ኢሞ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ደጋግመው ይጫኑ ነበር፦ «ሳፖኒን! ሳፖኒን!» ጂንሰንግን ያስከበረው የንጥረ ነገር ወገን ነው። ልጣጩ ላይ ስላለ አይላጥም ይላሉ። 300 ግራሙን በ10 ሺህ ዎን ገዛን።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ከባህል ሐኪሞቹ መሳቢያ ውስጥ ያለው የዚሁ ተክል ዘር ነው። ለጉሮሮ ሕመምና ለቆዳ ሽፍታ የሚቀመም፣ ኡባንግጃ የሚባል። ሄኦ ጁን የተባለው የቤተ መንግሥት ሐኪም በ1610 ጨርሶ በ1613 የታተመለት (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዶንጉይቦጋም የተባለ የሕክምና መጽሐፍ የዚህ ገበያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ቢባል አይበዛበትም፤ ዩኔስኮም በ2009 በዓለም የማስታወሻ መዝገቡ አስፍሮታል። ያ የሕክምና ባህል ዘሩን ወደ መድኃኒት ቤት ሲወስድ፣ ሥሩ በአብዛኛው ወጥ ቤት ነው የገባው። በአኩሪ አተር ሶስ ተቀቅሎ፣ ጠቁሮ፣ ጣፍጦ ለሩዝ ማባያ ይሆናል። ኪምባፕ የሚባለው የሩዝ ጥቅል ውስጥም ያ ቡናማ ክር እሱ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ሻዩ ነው። ከወጥ ቤት የወጣ መጠጥ ሆኖ ሳለ የመድኃኒት ቤት ቋንቋ ይነገርለታል።

ማታ ላይ እኔው ራሴ ሞኝነት ሠራሁ። ኢሞ «የተቀቀለውን አትጣሉት፣ ይበላል» ብለውን ነበር። ሻዩን ከጠጣሁ በኋላ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሥር በሙሉ አኘክሁት። በእራት ላይም የሥሩን ማባያ ሁለት ሳህን ጠርጌያለሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሆዴ ከበሮ ሆነ። የሚያጉረመርመው ድምፅ የአክስቴን ልጅ ከሚቀጥለው ክፍል ቀሰቀሳት።

ጥፋተኛው ኢኑሊን ነው። ከኢንሱሊን ጋር እንዳይምታታ፣ ዝምድና የላቸውም። ኢኑሊን ተክሉ ሥሩ ውስጥ የሚያጠራቅመው የስኳር ሰንሰለት ነው። ትንሹ አንጀታችን ይህን ሰንሰለት መፍታት አይችልም። እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ግብዣ ያገኙ ያህል ይበሉታል፣ ጋዝም ይለቃሉ። በልክ ሲሆን ለአንጀት ጥሩ ነው፣ ሆድ ድርቀትንም ያላላል። ኢሞ እዚህ ላይ አልዋሹም። በአንድ ምሽት ለተስገበገበ ሰው ግን ውጤቱ የኔው ነው።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስልኬ ላይ ስሌት ጀመርኩ። 100 ግራም ጥሬ ሥር 80 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። 72 ካሎሪ፣ 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት፣ ከ3 ግራም በላይ አሰር፣ 300 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም አለው። እንግዲህ ለአንድ ማንቆርቆሪያ የምጨምረው 10 ግራም ደረቅ ነው። ያ ከ50 ግራም እርጥብ የተገኘ ነው። ፖታሲየሙ አንድም ሳይቀር ውኃው ውስጥ ቢወርድ እንኳ 150 ሚሊግራም ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 400 አለው። ኢኑሊኑ በሙቅ ውኃ ስለሚሟሟ ጥቂቱ ወደ ኩባያ ይመጣል። የማይሟሟው አሰር ግን ድስቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። በአጭሩ ምግቡን የበላሁት ሆዴን የነፋኝ ጊዜ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሽታ፣ ቀለምና ሙቀት ነው።

ይህ ግን ሻዩን አላስጠላኝም። እንዲያውም ቀለል አለኝ።

ቀን 3፣ ቹንቾን

ከጄጊዶንግ ቀጥሎ ካለው ከቾንግኒያንግኒ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቹንቾንን ከጉዞዬ ውስጥ ያስገባሁት ለሥሩ ብዬ አልነበረም። ሐበሻ ሆኖ ኮሪያ ሄዶ ቹንቾንን ሳያይ የሚመለስ የለም።

ጎንጂቾን ወንዝ ዳር የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ አለ። አዳራሹ የተከፈተው በ2007 ነው። ጣሪያው የጎጆ ቤት ቅርጽ አለው። ከ1951 ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች እየተፈራረቁ እዚህ ተዋግተዋል። ከመካከላቸው የተማረከ የለም። ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ቀስ ብለን አየን። የሃያ ዓመት ልጆች፣ በረዶ ላይ ቆመው፣ ካሜራው ፊት ኮስተር ብለው። የአክስቴ ልጅ አንዱ ፎቶ ፊት ብዙ ቆየች። ምንም አልተባባልንም።

ከማዶው «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋን በጎበኙበት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ሐኪሜ ይቅር ይበለኝ፣ ገና ጠዋት ስለነበር አንድ ቡና አዘዝኩ። ልጅቱ ከቦርሳዋ በፔርሙስ ያመጣችውን ኡኦንግ ቻ በክዳኑ ቀዳችልኝና ከቡናው ጎን አስቀመጠችው። አንድ ፉት ከዚህ፣ አንድ ፉት ከዚያ።

የሥሩ ሻይ ቡናን ይተካል የሚለው ወሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሞተ። አይተካም። ቡና ይናገርሃል፣ ይሄኛው ያዳምጥሃል። ዝምድና ግን አላቸው። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ፖሊፌኖል (ተክሎች የሚሠሩት የንጥረ ነገር ወገን) በሁለቱም ውስጥ አለ፤ በጥሬ ቡና ፍሬም፣ በዚህ ሥርም። ሥሩን ከትፈህ ብታስቀምጠው ወዲያው የሚጠቁረው በእንዲህ ያሉ ፖሊፌኖሎች ምክንያት ነው፣ እንደ ተቆረጠ ፖም። ሁለቱም ላይ እሳቱ በበረታ ቁጥር ይህ ነገር ይቀንሳል። በምትኩ ሽታው ይመጣል።

ቀን 4፣ መንገድ

ከሴኡል ወደ ደቡብ፣ ወደ ጂንጁ። በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግማሹን ተኛሁ። ስነቃ ተራራው ቀይና ቢጫ ሆኗል፣ የሩዝ ማሳው ታጭዶ አልቋል። ማታ ከናም ወንዝ በላይ ያለውን የጂንጁን ግንብ አየን። በ1592 እና በ1593 ከጃፓን ወራሪዎች ጋር ሁለት ከባድ ውጊያ የተካሄደበት ነው። ነፋሱ አላስቆመንም። ሾርባ ፍለጋ ሮጥን።

ቀን 5፣ ጂሱ

ይህ ቀን ነው የጉዞው ሁሉ እምብርት።

ጂሱ ከጂንጁ ወጣ ብላ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ሳምሰንግንና ኤልጂን የመሠረቱት ሰዎች በልጅነታቸው የተማሩት እዚህች መንደር ትምህርት ቤት ነው፤ ኮሪያዎች ይህን ሲያወሩ አይጠግቡም። እኔን ያመጣኝ ግን አሸዋው ነው። ወንዙ ለዘመናት ያመጣው አሸዋማ አፈር ልቅ ነው፣ ሥር እንደ ልቡ ወደ ታች ይሄድበታል። የኡኦንግ ሥር አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ውፍረቱ ግን የአውራ ጣት ያህል ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል።

ያስተናገዱን የአክስቴ ልጅ የክፍል ጓደኛ አያት ናቸው። «ሃልሞኒ» አልናቸው፣ አያቴ ማለት ነው። ወገባቸው ጎበጥ ያለ ነው፣ እጃቸው ግን የወጣት ነው። በአበባ ያሸበረቀ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ከማሳው ዳር ጠበቁን። ማሽን ቀድሞ አፈሩን አላልቶታል። እሳቸው ሥሩን አንገቱ ላይ ይይዙና በአንድ ትንፋሽ ይመዙታል። ሾልኮ ይወጣል፣ ከሰገባው እንደሚወጣ ጎራዴ። እኔ ስሞክር ቀጭ አለ። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ። ሃልሞኒ አልተቆጡም። ስብርባሪውን አንስተው ወደ አንድ ቅርጫት ወረወሩትና አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ያንተ ለሻይ ይሆናል አሉ።»

ለካ እንዲህ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለው ለገበያ ይሄዳል። የተሰበረውና የተጠማዘዘው ቤት ቀርቶ ይከተፋል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል።

በማሳው ጥግ ለዘር የተተዉ ጥቂት ተክሎች ነበሩ፣ ቁመታቸው ከኔ የሚበልጥ። ኡኦንግ የሚያብበው በሁለተኛው ዓመቱ ነው፤ ለሥሩ የሚዘራው አበባ ሳያይ ይነቀላል። በአጠገባቸው አልፌ ስመለስ ሱሪዬ በእሾሃማ ኳሶች ተሞልቷል። አንድ በአንድ ስነቅል ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ዦርዥ ደ ሜስትራል በ1941 ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸር እንዲሁ ተጣብቆበት፣ በአጉሊ መነጽር ቢያየው ጫፉ መንጠቆ ሆኖ አገኘው። ጫማና ጃኬት ላይ «ጭርር» እያልን የምንከፍተው ቬልክሮ ከዚያ ነው የመጣው። እኔ ከሱሪዬ የተረፈኝ ቀዳዳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መቁላቱ። ሃልሞኒ መጀመሪያ ሥሩን በውኃ ውስጥ በቢላዋ ጀርባ ፈገፈጉት። አልላጡትም፤ አፈሩን ብቻ ነው ያስለቀቁት። ከዚያ አግድም፣ ስስ አድርገው ከተፉት። በዚያ ዕድሜ ዓይናቸውን ከቢላው ላይ አንስተው እያወሩን ይከትፋሉ። የተከተፈው ወዲያው መጥቆር ጀመረ። ለማባያ ቢሆን ሆምጣጤ ያለበት ውኃ ውስጥ ይነከር ነበር። ለሻይ ግን ቢጠቁርም ግድ የለም። ከዚያ ሰፌድ በመሰለ ነገር ላይ ተሰጥቶ ነፋስና ፀሐይ ላይ ይውላል። የዚያን ቀኑን አልጠበቅንም፤ ሁለት ሦስት ቀን የደረቀ ሌላ ሰፌድ ሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር። አምስት ኪሎ እርጥብ ደርቆ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው።

ብረት ምጣዱ ዘይት አልነካውም። እሳቱ ዝቅ ያለ ነው። ሃልሞኒ ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቁና ሥሩን በእጃቸው ማመስ ጀመሩ። በማንኪያ አይደለም፣ በእጅ። ከታች ያለውን ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች፣ እየገፉ፣ እየበተኑ። ይህን አሠራር ደኦክኩም ይሉታል፤ የአረንጓዴ ሻይ ቅጠልም እንዲሁ ነው የሚታመሰው። መጀመሪያ የወጣው እንፋሎት እርጥብ አፈር ሸተተ። ቀጥሎ የተቀቀለ ድንች። ሃልሞኒ ከእሳት አወጡትና ሰፌዱ ላይ በተኑት። በረደ። እንደገና ምጣድ። እንደገና ሰፌድ። በሦስተኛው ዙር ድምፁ ተለወጠ፤ ፊት ሲንሸራሸር «ሽሽ» ይል የነበረው አሁን እንደ ደረቅ ቆሎ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። በአራተኛው ሽታው መጣ። እንዴት ልግለጸው፤ ገብስ፣ ማር፣ ትንሽ እንጨት።

«ለምን አንዴ በደንብ አይቆሉትም?» ብዬ አስጠየቅኩ።

«ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል አሉ።»

ሳይንሱም ከሳቸው ጋር ነው። ከሥሩ ኢኑሊን ጥቂቱ በሙቀት ይፈርስና ወደ ጣፋጭ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ ደግሞ ከአሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ ያን ቡናማ ቀለምና ሽታ ይሰጣል፤ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ ላይ የሚሆነው ነው። ካለፈ ግን ይመራል። አክሪላማይድ የሚባለውም ጤናማ ያልሆነ ነገር የሚፈጠረው እንዲህ ስኳርና አሚኖ አሲድ ያለው ነገር በኃይለኛ ሙቀት ሲቆላ ነው። ሃልሞኒ ይህን ቃል ሰምተውት አያውቁም። የጠቆረውን አንድ በአንድ እየለቀሙ ግን ይጥላሉ።

ከዚያ ጓንቱን ለኔ ሰጡኝ።

እኔ ደግሞ ቡና ሲቆላ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ምን ያቅተኛል? አመስኩ። ቶሎ ቶሎ አመስኩ። እሳቱ አነሰ መሰለኝና ከፍ አደረግሁት። ሃልሞኒ መጥተው ሳይናገሩ ዝቅ አደረጉት። ዞር ሲሉ መልሼ ከፍ አደረግሁት። ጢስ ሲል ደስ አለኝ፣ የለመድኩት ነገር ሆነብኝ። የራሴን ድርሻ በወረቀት ከረጢት አሽገው ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ ሳቅ ነበር። ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ሻዩን የጠጣነው ከምሳ ጋር ነው። ሃልሞኒ አንድ እፍኝ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ጥደው ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ለስብ ነው፣ ለስኳር ነው የሚል ንግግር የለም። ለምን እንደሚጠጡት አስጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡ። «ውኃ ብቻውን ይቀዘቅዛል» አሉ። ልጆቻቸው ሕፃን ሳሉም፣ ባለቤታቸው ታመው በነበረ ጊዜም ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ነበር።

ከወጣን በኋላ የአክስቴን ልጅ አንድ ነገር አስጠነቀቅኋት፣ ለጓደኞቿ ሁሉ ስለምታድለው። ይህ ተክል ወገኑ የአደይ አበባ፣ የሱፍና የኑግ ነው። በዚህ ቤተሰብ አበባዎች አለርጂ የሚነሳበት ሰው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። ነፍሰ ጡር፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ በጆግ ባይጠጣ ጥሩ ነው። ከየትም የመጣ የተፈጨ ሥርም አይገዛም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት የበርዶክ ሻይ ብላ ጠጥታ ተመርዛለች። ሻዩ ውስጥ በርዶክ ውስጥ የማይገኝ አትሮፒን የተባለ መርዝ ነበር፤ ሌላ ተክል ተቀላቅሎበት ነው። ቁርጥራጩ ሲታይ መለየት ይቻላል። ዱቄት ግን ዱቄት ነው።

«ጋሼ፣ ከኢሞ ይልቅ አንተ ትብሳለህ» አለች።

ቀን 6፣ ሃዶንግ

ዝናብ። ከጂንጁ በአውቶቡስ ወደ ሃዶንግ፣ ጂሪሳን ተራራ ሥር ወዳለችው ሁዋጌ። በ828 ኪም ዴርዮም የተባለ መልእክተኛ ከቻይና የሻይ ዘር አምጥቶ በንጉሡ ትእዛዝ ጂሪሳን ላይ እንደተዘራ የድሮ ታሪካቸው ይናገራል። ሁዋጌዎች ያ ቦታ የኛ ነው ይላሉ። የሻዩ ቁጥቋጦ ዛሬም በድንጋዮቹ መካከል በተራራው ላይ ተበትኗል።

አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብተን ኡኦንግ ቻ አለ ወይ ብለን ጠየቅን። ባለቤቱ ፊቱን ቅጭም አደረገ። ለሱ ቻ ማለት የሻይ ቅጠል ብቻ ነው። ሥሩ፣ ገብሱ፣ በቆሎው «ዴዮንግቻ» ነው አለ፣ ምትክ ሻይ። ከዚያ ይህን ያህል ካንቋሸሸ በኋላ ከጓዳው ማንቆርቆሪያ አውጥቶ ለራሱ ቀዳ። ሽታው ሲደርሰን ተያየን። ዱንጉሌ ነበር።

«ይሄስ?» አለችው።

«ይሄ ሻይ አይደለም፣ ውኃ ነው» አለና ለኛም ቀዳልን። ሂሳብ ላይም አልጨመረውም።

ማታ ያደርንበት ቤት ማንቆርቆሪያ ነበረው። ከሃልሞኒ ቤት ያመጣሁትን የራሴን ከረጢት በክብር አወጣሁ። ስከፍተው እንግዳ ማረፊያው በጢስ ታጠነ ማለት ይቀላል። አንድ እፍኝ ጨመርኩ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ቀዳሁ። ጥቁር ነው። ጭልጥ ያለ ጥቁር። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቡና ነው። ስኳር አለ?»